ሰዓት የማትጠይቅ ጾመኛ

ጠጋ በሉ፣ እዚህ ማራገቢያው ሥር ተቀመጡ፤ መብራቱ እስኪሄድ እንጠቀምበት። ሁዳዴ ገብቷል። ካርቱም ላይ ሁዳዴ ማለት ጾሙና ሙቀቱ ተቀጣጥረው የሚመጡበት ወቅት ነው።

ሕፃን ሲያመው ያለቅሳል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እንደ እኔ ያለች አሮጊት ደግሞ ገና ሳያማት ጎረቤቱን ጠያቂ ታደርጋለች። አስቸጋሪው መካከል ላይ ያለው ነው፤ ትናንት ልጅ የነበረ፣ ነገ ትልቅ ሰው የሚሆን፣ ዛሬ ግን ሁለቱንም ያልሆነ። የእሱ ጭንቀት በራሱ መልክ አይመጣም። አንዱ ቤት ጥጋብ መስሎ ይገባል፣ ሌላው ቤት ስንፍና መስሎ። እኛ ቤት የገባው ጽድቅ መስሎ ነው።

ደቡብ ሱዳኖቹ ጓዛቸውን ጭነው ወደ አዲሱ አገራቸው በሄዱ ማግስት ይመስለኛል። ዴም የሚባለው ሰፈር ውስጥ ከወሎዋ ከዘይነባና ከሌሎች ያገራችን ሰዎች ጋር አንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር፣ እኔና የልጄ ልጅ ሰናይት። እናቷ አስቴር «ካርቱም ሁለት» የሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት እያደረች ስለምትሠራ የምትመጣው አርብ አርብ ብቻ ነው። ሰናይት እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ናት። አማርኛዋ ያነክሳል፣ ዓረብኛዋ ግን እንደ ውሃ ይፈሳል። እኔን እንኳ የምትጠራኝ «ሐቦባ» እያለች ነው፤ ሱዳኖች አያትን እንደዚያ ይላሉ። እኛ ትልልቆቹ የገበያና የኩሽና ዓረብኛ እንጂ የሐኪምና የፖሊስ ዓረብኛ የለንም፤ ስለዚህ የግቢው ሁሉ ምላስ እሷ ነበረች። የመኖሪያ ወረቀት ጊዜው ሲያልፍ ሰናይት፣ አከራዩ ሲቆጣ ሰናይት፣ ሴት ምጥ ሲይዛት ሰናይት። አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ይከብዳታል ብሎ ያሰበ የለም። ምላስ ምን ክብደት አለው?

ዓይኔ ጭጋግ ጭጋግ ሲለኝ ሐኪም ዘንድ ይዛኝ ሄደች። ሐኪሙ ብዙ አወራ። ሰናይት አዳምጣው ስታበቃ ወደ እኔ ዞረችና፣

«ዐቧራ ነው ሐቦባ። ማታ ማታ ጠብታ ይደረግበት ብሏል» አለችኝ።

«ያን ሁሉ ያወራው ስለ ዐቧራ ነው?»

«ሱዳን ወሬ ይወዳል አይደል?»

ሳቅሁ። ሀቡብ የሚሉት የዐቧራ ማዕበል በተነሣ ቁጥር ሰማዩ በሚቀላበት ከተማ፣ ዐቧራ ነው ስባል ለምን አላምን?

ወዲያው ሁዳዴ ገባና ሰናይት ምግብ ተወች። እኛም ኮራን። ቤተ ክርስቲያን ላይ ሴቶቹ «ይቺ ልጅ ልትመንን ነው» ይሉኛል። አስቴርማ፣ «እኔ የሰው ወጥ ስቀምስ የምውል ኃጢአተኛ፣ እንኳን ልጄ ጾመችልኝ» ትላለች። ልጅቷ ዝም ስትል ጨዋነት ነው አልን። ጓደኞቿን ስትሸሽ ዓለምን ንቃ ነው አልን። አርብ ቀን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ፣ ስግደቱ አድክሟት ነው። ጸጉሯን ስሠራላት እጄ ላይ እፍኝ ሙሉ ሲቀር እንኳ ሙቀቱ ነው አልኩ። ማታ ጠብታውን ስታደርግልኝ አንዲት ጠብታ ስታ ጉንጬ ላይ ከፈሰሰች ታለቅሳለች። ለዐቧራ መድኃኒት እንዲህ ይለቀሳል? ይህን እንኳ አልጠየቅሁም።

የጠየቀችው ዘይነባ ናት።

«እትዬ፣ አትቆጪኝና ይቺ ልጅ ጾመኛ አይደለችም» አለችኝ አንድ ቀን።

«አንቺን ደግሞ በእኛ ጾም ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«እኔስ ረመዳንን ስጾም አይደል የኖርኩት? ጾመኛ ሰዓት ይጠይቃል፣ ጥላ ይለካል፣ ድስት ሲከፈት አፍንጫው ይነሣል። ይቺ አንድ ቀን እንኳ ስንት ሰዓት ሆነ ብላ ታውቃለች?»

አኮረፍኳት። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዳመጥ ያዝኩ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ግቢው ውስጥ ያለ ጾመኛ ሁሉ ሰዓት ይጠይቃል፤ እኔ ራሴ ከሁሉም ብሼ እጠይቃለሁ። ሰናይት አልጠየቀችም።

ፋሲካ ሆነ። አስቴር ፈቃድ አግኝታ መጣች፣ ዶሮ ተሠራ፣ ጾም ተፈታ። የሰናይት እጅ ግን መሶቡ ላይ አልደረሰም። ዓይኔ ያኔ ጥላ ጥላውን ብቻ ነበር የሚያሳየኝ፤ እንደ ምንም ዳብሼ ጉርሻ ጠቅልዬ አጎረስኳትና ጉንጯን ልዳስስ ብል፣ ጉርሻው እንዳለ ቁጭ ብሏል።

«ዋጪ እንጂ ልጄ።»

አልወረደላትም። መጀመሪያ በዓረብኛ አንድ ነገር አለች፣ ከዚያ በአማርኛ፦

«ሐቦባ፣ ዐቧራ አይደለም።»

የጠፋው ብርሃን አይመለስም ነበር ያላት ሐኪሙ፤ ጠብታው የቀረውን ለጥቂት ጊዜ ይዞ ለማቆየት ነው።

«በአማርኛ ካልተናገርኩት የማይሆን መሰለኝ» አለች። «ከተናገርኩት ግን እኔ ያሳወርኩሽ መሰለኝ።»

«ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?» አለቻት አስቴር።

«አንቺ አርብ ብቻ ነው የምትመጪው።»

እኔ ዓይኔን ትቼ፣ «መጀመሪያ ዋጪ» አልኳት።

ወዲያው ዳነች ብዬ አልዋሻችሁም። ምግብ ቀስ እያለ ነው ወደ እሷ የተመለሰ፤ ጸጉሯም እንደ ድሮው አልሆነም። ለማንም ማስተርጎም ተወች፣ እኛም አስገድደን አናውቅም። ዘይነባ ወሎ ገብታ ታማ አረፈች፤ ነፍሷን ይማር፣ አኩርፌያት የነበረውን ሳልክሳት። አስቴር አሁንም እዚያው ሰው ቤት ናት። ሰናይት ኦምዱርማን ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች፣ የምታድረውም እዚያው ነው። ሁልጊዜ ሲመሽ ትደውላለች።

«ሐቦባ፣ ጠብታውን አደረግሽ?»

ባለፈው ሐኪም ዘንድ የወሰደችኝ አስቴር ናት፣ በኩሽና ዓረብኛዋ። ሐኪሙ አጭር ነገር ተናገረ፤ «ኻላስ» የምትለዋን ደግሞ እኔም አውቃታለሁ። አልቋል ማለት ነው። የጠብታውን ብልቃጥ እዚያው ትተነው መጣን።

«አድርጌያለሁ ልጄ» እላታለሁ። «አንቺስ፣ በላሽ?»