የተበሱ ብሮቼን ይዤ ዱአ የገባሁ ለት

ሰው የማይሰበስበው ነገር የለም። አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፤ ሌላው የጎረቤት ወሬ። እኔ የተበሳ ጠገራ ብር እሰበስባለሁ። አትሳቁ። ከሚሴ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ። ባለቤቴ ሀዋ «ቁልፍ መስሎህ ነው» ትለኛለች።

እናውቃለን ባዮቹ የተበሳ ብር ተበላሽቷል ይላሉ። ምኑ ነው የተበላሸው? ቀዳዳ ያለው ብር እኮ ሰው አንገት ላይ ውሏል። ሰርግ ሄዷል፣ ውሃ ቀድቷል፣ ልጅ እሹሩሩ ብሏል። ቀዳዳውን አይቶ ብዙ ማወቅ ይቻላል። አንጥረኛ የበሳው ክብ ነው። ቤት ውስጥ በሚስማር የተበሳው ጠርዙ የተቀደደ ነው። ክር ዘመኑን ሙሉ የበላው ደግሞ ወደ ላይ ይረዝማል። ጠገራ ላይ የንግሥት ምስል አለ አይደል? አንዱን ብሬን የበሳው ሰው ከራሷ በላይ መብሳት ሲገባው ከደረቷ በታች በስቶት፣ ንግሥቲቱ በክር ስትንጠለጠል ትዘቀዘቃለች። ምን ዓይነት ሰው ነው ንግሥት ዘቅዝቆ የሚሰቅል? ስንቴ ብቻዬን ስቄያለሁ መሰላችሁ።

ታዲያ አንድ ሰኞ ባቲ ገበያ ሄድኩ። አንድ የማላውቀው ሰው ከኪሱ የተበሳ ጠገራ አወጣና ዋጋ ጠራ። እኔ ግማሹን ጠራሁ። ተቀብሎኝ ሄደ። አልተከራከረም። ባቲ ላይ የማይከራከር ሻጭ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሆዴ ያኔውኑ ጠርጥሮ ነበር፤ እጄ ግን ብሩን ኪሴ ከተተው። ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ አዲሱንም አሮጌውንም በአንድ ላይ በሎሚና በአመድ አሸሁና የወተት ዱቄት ጣሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ማክሰኞ ሀዋ ከወፍጮ ቤት መጣች። ዱቄቱን ከልብሷ ሳታራግፍ ወሬውን ነገረችኝ። የእትዬ መዲና ጠገራ ብር ከሣጥናቸው ተሰርቋል። እትዬ መዲና ከመስጊዱ ጀርባ የሚኖሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብራቸው ባልቴት ናቸው። ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ዱበርቲዎቹ እሳቸው ቤት ይሰበሰባሉ። ብሩ እስከዚያ ካልተመለሰ በሰረቀውም፣ ገዝቶ በደበቀውም ላይ ዱአ ይደረጋል።

ዱበርቲ ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኛ ጋ ተሰብስበው ዱአ የሚያደርጉ ትልልቅ ሴቶች ናቸው። ሲመርቁ የሚይዝላቸውን ያህል ሲራገሙም ይይዝላቸዋል ይባላል። እኔ እንኳ በእርግማን አላምንም። ቢያንስ እስከዚያ ማክሰኞ አላምንም ነበር። ግን ልጃችን ራህማ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እኛ ቤት መጥታለች። ቀኗ ደርሷል። ሀዋ ነግራኝ ስትጨርስ ራህማን አየቻት፣ ጣሳውን አየችው፣ ወደ ጓዳ ገባች። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ያን ቀን ሁለት ሱሪ አበላሸሁ። ብሩን ብመልስ «ሰይድ የሌባ ተቀባይ ሆነ» መባሌ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የሰው ጨርቅ ሳላጎድል ያቆየሁት ስም በአንድ ቀን አበቃለት። ባልመልስ ልጄ። ጣሳውን እንዳለ ቦርከና ልወርውረው እንዴ? ከነገሩ ጾም እደሩ ይባል የለ? ደግሞ ወንዝ የገባ ብር እንዴት ተብሎ ይመለሳል?

ረቡዕ አዲሱን ለይቼ ላወጣ ብሮቼን ምንጣፍ ላይ ደረደርኳቸው። እያንዳንዱን ቀዳዳ እንደ ልጄ ስም አውቀዋለሁ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ሁሉም በሎሚ ታሽቶ ያበራል። ይሄ ነው ስል ሌላው ይመስለኛል። ፈርቼ ሳያቸው ሁሉም የተሰረቁ መሰሉኝ። ራህማ ወገቧን ይዛ ቃተተች። ጣሳውን እንዳለ ልወስደው ወሰንኩ።

ሐሙስ ባጃጅ ያዝኩ። ባጃጁ በነጠረ ቁጥር ጣሳው ይንኳኳል። ሹፌሩ ምን እንደያዝኩ ጠየቀኝ። ቁልፍ ነው አልኩት።

ስደርስ አሥር የሚሆኑ ሴቶች ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል፤ እትዬ መዲና መሐላቸው። «ኮቱ፣ ታኢ» አሉኝ፤ ና ተቀመጥ ማለታቸው ነው። መቀመጥ አልቻልኩም። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ብሩን ሰኞ ባቲ ላይ እንደገዛሁ፣ የማን እንደሆነ እንደማላውቅ፣ ከሌሎቹ መለየት እንዳቃተኝ፣ ልጄ ቀኗ እንደደረሰ። «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ፤ የእርስዎን ይውሰዱ» አልኩና አለቀስኩ ማለት ይቻላል። እትዬ መዲና እጃቸውን አንስተው «ቆይ ልጄ» አሉ። የት ልቆይ? ጣሳውን ሰሌኑ ላይ ገለበጥኩት።

ሴቶቹ ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ማንም አልነካም። ከዚያ አንዷ ያችን የተዘቀዘቀች ንግሥት አነሱ።

«ይቺ የእናቴ ናት» አሉ ቀስ ብለው። «አባቴ ሲበሳት ዓይኑ ደክሞ ነበር። ገልብጠህ በሳኸው ብለን እንዳንነግረው እናቴ አፋችንን ያዘችን። እስክትሞት እንደተዘቀዘቀች አሰረቻት።»

ሌላዋ አንዱን ብር አገላብጠው ጠርዙ ላይ ያለውን ጭረት በጥፍራቸው ዳሰሱ። በክፉ ቀን ከእህታቸው ጋር ተላቅሰው የሸጡት ነው። ሦስተኛዋ አንዱን አንስተው አንገታቸው ላይ ለኩት። እኔ ምን ልበል? በገንዘቤ ነው የገዛሁት ልበል? ዱአ ሊደረግ በተቀመጠበት ቤት? እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንጀቴ አረረ። ደስም አለኝ። ብቻዬን ስስቅባት የኖርኩት ንግሥት ባለቤት አላት ለካ።

ከጣሳዬ ግማሹ በሰው መዳፍ ላይ ቀረ። ሴቶቹ እጃቸውን ዘረጉ። ራህማን አላህ በሰላም ይገላግላት፣ ያወጣኸውን አላህ ይተካልህ፣ ብለው መረቁኝ። አሚን አልኩ። ከማክሰኞ ወዲህ ያን ጊዜ ነው በደንብ የተነፈስኩት። ለሌባውም አላህ ልብ ይስጠው ብለው ዱአ አደረጉ፤ እርግማኑን ተዉት።

ያን ጊዜ እትዬ መዲና አንድም ብር እንዳልነኩ አየሁ።

«የእርስዎ የቱ ነው?» አልኳቸው።

«አንዱም አይደለም» አሉ። «የኔ አልተበሳም።»

ሰሌኑ ላይ የቀሩትን ብሮቼን አየሁ፤ ቀዳዳ የሌለው አንድም የለም።

«ባለቤቴ፣ አላህ ይማረው፣ ሴት ልጅ ስንወልድ በስተን አንገቷ ላይ እናስርላታለን ብሎ ነው ያስቀመጠው። ሰባት ወንድ ወለድኩ። ቆይ ያልኩህ ይህንኑ ልነግርህ ነበር።»

በእግሬ ተመለስኩ። ጣሳው ቀሎኛል። ቤት ገብቼ ለሀዋና ለራህማ ስነግራቸው ራህማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እዚያው የምትገላገል መስሎኝ ደነገጥኩ። እኔ ግን ንዴቴ መጣ። «ወፍጮ ቤት ወሬውን ስትሰሚ ብሩ ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው ለምን አልጠየቅሽም?» አልኳት ሀዋን።

«ሠላሳ ዓመት አንተ ቤት ስኖር» አለች፣ «ያልተበሳ ብር የት አይቼ?»