ጋሽ አዝማች ቤተሰቡን ያሳረፉበት ቅዳሜና እሁድ

ሰውን በግድ የሚያዝናና ሰው የሌለበት ቤተሰብ የለም። ሐኪም የሌለው፣ ጠበቃ የሌለው፣ ሚስማር በወጉ የሚመታ ወንድ የሌለው ቤተሰብ ሞልቷል፤ ይህኛው ግን አይታጣም። ስታለቅሱ ቢያገኛችሁ ምናልባት አይቶ እንዳላየ ያልፋችኋል፤ ጋደም ብላችሁ ካገኛችሁ ግን አለቀላችሁ። እግርን ዘርግቶ ግድግዳ ማየት ለእሱ በሽታ ነው። መድኃኒቱም ዳገት ነው።

በዚህ ቤተሰብ ይህን ሹመት የያዙት የታላቅ እህትየው ባል ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ» ይባላሉ፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «ጋሽ አዝማች»። ስሙን ያወጣችላቸው የሚስታቸው ታናሽ እህት፣ ፋርማሲስቷ ናት። ለምን እንዲያ እንዳለቻቸው ስትጠየቅ፣ «አዝማች የጦርም አለ፣ የዘፈንም አለ፤ እሳቸው ሁለቱንም ናቸው» ትላለች። እውነቷን ነው። ቤተሰቡን ጦር እንደሚያዘምት ሰው አሰልፈው ይነዳሉ፤ በየመሀሉ ደግሞ እንደ ዘፈን አዝማች አንዲት ቃል ይመላልሳሉ፦ «እንቅልፍ እቤት አለ።»

ዝናቡ እንዳባራ ክቡርነታቸው ተራራ ላይ ወዳለ ሎጅ ዘመቻ አወጁ። ፋርማሲስቷ መሄድ አልፈለገችም። አንደኛ ነገር፣ ሳምንቱን ሙሉ ቆማ ስለምትውል እግሯ ዳቦ መስሏል። ሁለተኛው ነገር ግን ለማንም የሚነገር አልነበረም። ከባሏ ጋር ሊለያዩ ነው።

ባሏ መሬት ቀያሽ ነው። ሩቅ አገር ባለ የመንገድ ሥራ ላይ ልመደብ ብሎ ሲያመለክት አልነገራትም፤ ሲፈቀድለትም አልነገራትም። የሰማችው ከሥራ ባልደረባው ሚስት ነው። ሴትዮዋ የሳል ሽሮፕ ልትገዛ መጥታ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ፤ መቼ ነው የሚሄደው?» አለቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ እቤታቸው ውስጥ «ጨው አቀብለኝ» እንኳን በዓይን ሆነ። እሱ ሰኞ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል፤ እሷም ተመለስ ላትለው ቆርጣለች። እናቷ የደም ግፊት ስላለባቸው ግን፣ እነዚህን ሁለት ቀናት ባልና ሚስት መስለው ለማሳለፍ ተስማሙ። መቼም ከተኳረፉ ወዲህ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ጉዞው ገና ሲጀመር መንገድ ጠፋ። ቀያሹ ከኋላ ወንበር ሆኖ፣ «ጋሼ፣ ወደ ቀኝ ይመስለኛል» ሲል፣ ጋሽ አዝማች በመስታወቱ አይተውት፣ «አንተ መሬት ለካ፤ መንገድ ለኔ ተወው» አሉና ወደ ግራ ታጠፉ። አስፋልቱ አለቀ፤ ኮረኮንቹም አለቀ፤ በመጨረሻ ድንጋይ የሚፈለጥበት ገደል አፍ ላይ ቆሙ።

«ጠፋን እንዴ?» አለች ሚስታቸው።

«አልጠፋንም። አካባቢውን እያየን ነው።»

ሎጁ ዳገት ላይ ተበታትነው የቆሙ የእንጨት ቤቶች ናቸው። ፋርማሲስቷ ክፍሏን ከፍታ ነጩን አንሶላና ወፍራሙን ብርድ ልብስ ስታይ እንባዋ መጣ። ጫማዋን አውልቃ ገና አንዱን ጉልበቷን አልጋው ላይ እንዳሳረፈች ውጭ ፊሽካ ተነፋ። ጋሽ አዝማች ቱታቸውን እስከ ደረታቸው ስበው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ በረንዳው ሥር ቆመዋል።

«እንቅልፍ እቤት አለ።»

የዚያን ቀን የሆነውን ሁሉ ማውራት ሰውን ማድከም ነው። ዳገት ወጡ፤ አንድ ዳገት አልበቃ ብሏቸው የዳገቱን ወንድም ወጡ። መንገድ ላይ እናትየው አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ እዚህ ሆኜ ተራራውን ባየው ተራራው ይቀየማል?» ብለው ለመኑ። «እማማ፣ ተራራ የሚታየው በእግር ነው» አሏቸው። ከምሳ በኋላ ቀስት ማስወንጨፍ ነበር፤ ጋሽ አዝማች «ዋናው አተነፋፈስ ነው» ብለው ካስተማሩ በኋላ የለቀቁት ቀስት ዒላማውን አልፎ፣ አጥሩን አልፎ፣ ገመድ ላይ የተሰጣ የሎጁን አንሶላ በስቶ ወጣ። ፈረስም ነበር። ፈረሱ እሳቸውን ተሸክሞ ትንሽ እንደተራመደ ለምለም ሣር አየና ቆመ፤ ቢመቱት፣ ቢለምኑት፣ ፊሽካ ቢነፉበት ንቅንቅ አልል አለ። በዚያ ዘመቻ ማረፍ ፈልጎ የተሳካለት እሱ ብቻ ነው።

ምሽት ላይ እራት እንደተበላ ፋርማሲስቷ ለእህቷ፣ «እንዴት ነው የምትችዪው?» አለቻት።

«ኧረ እኔ ለምጄዋለሁ። የሚያሳዝነኝ ፈረሱ ነው» አለች እህቷ፣ ጉልበቷን እያሸች።

እሁድ ጠዋት ወደ ሐይቁ ወረዱ። ሐይቁ ከተራራው ሥር ያለ፣ ትንሽና ዝም ያለ ነው፤ ዳሩ ላይ ሁለት ሁለት ሰው የሚይዙ ጀልባዎች ታስረዋል። ፋርማሲስቷ ቶሎ ብላ የእናቷን ክንድ ያዘች። «እኔ ከእማዬ ጋር እሆናለሁ።»

«የለም፣ የለም» አሉ ጋሽ አዝማች። «ባልና ሚስት እያለ ምን ሲደረግ? እማማ እዚህ ሆነው ያጨበጭባሉ። ውድድር ነው።»

እምቢ ማለት ለምን እምቢ እንዳሉ መናገርን ያመጣል። ገቡ። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ መቅዘፊያ ይዘው ከዳር ራቁ፤ ከዚያም ጀልባዋ ትዞር ጀመር። እሷ ስትቀዝፍ እሱ ያርፋል፤ እሱ ሲጀምር እሷ ታቆማለች፤ ጀልባዋም እንደ እህል ወፍጮ አንድ ቦታ ላይ ትዞራለች። ከዳር ጋሽ አዝማች ፊሽካቸውን ነፍተው፣ «ወደ ግራ በሉ» ይላሉ።

«ግራ እያሉሽ ነው» አለ ቀያሹ። ከስንት ጊዜ በኋላ ያናገራት ቃል ይህ ነው።

«የሳቸው ግራ ነው የኔ ግራ?»

«የሁላችንም ግራ ያው ነው።»

«ተው እንጂ። አንተ የራስህ ግራና ቀኝ አለህ፤ ስትታጠፍም ለማንም አትናገርም» አለችና መቅዘፊያዋን ጭኗ ላይ አጋደመችው። «አገር ሊቀይስ የሚሄድ ሰው አንዲት ጀልባ ማቅናት ያቅተዋል?»

ቀያሹ አንዴ ቀዘፈ። ጀልባዋ አንዴ ዞረች።

«ልነግርሽ ነበር።»

«መቼ? ከሄድክ በኋላ?»

«እምቢ ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ። እምቢ ካልሽኝ ደግሞ እንደማልሄድ አውቃለሁ። መሄድ ፈለግኩ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ በቃ ፈለግኩ።»

ፊቷን ወደ እሱ አዞረች። ጀልባዋ ተወላገደች፤ ሁለቱም ጠርዙን ያዙ።

«አንተ እኮ ሳትጠይቀኝ መለስክልኝ» አለች። «እምቢ አልልህም ነበር። አብረን እንሂድ ነበር የምልህ። መድኃኒት ቤት የሌለበት አገር አለ? ሰው ካለ በሽታ አለ።»

ቀያሹ ሊናገር አፉን ሲከፍት መቅዘፊያው ከእጁ ሾለከና በውኃው ላይ ቀስ እያለ ሄደ።

ጋሽ አዝማች ይህን ከዳር ሆነው አዩ፤ በእሳቸው ዓይን ያዩት ግን አደጋ የደረሰበት ጀልባ ነው። ሚስታቸው «ተዋቸው፣ ይመጣሉ» ስትላቸው ጊዜ አላጠፉም። ሌላ ጀልባ ፈትተው፣ ፊሽካቸውን በጥርሳቸው ነክሰው፣ ለነፍስ አድን ዘመቻ ተነሡ። ሁለት ጊዜ ቀዘፉና፣ «አይዟችሁ፣ መጣሁ» ለማለት ብድግ አሉ። ጀልባ ደግሞ ብድግ የሚልበትን ሰው አይወድም።

የውኃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ናቸውና ከውኃ ጋር እንግዳ አልነበሩም፤ እንዲህ ተቀራርበው ግን አያውቁም። ኮፍያው ብቻ ከላይ ቀረ። ትንሽ ቆይተው ከኮፍያው ሥር ብቅ አሉ፤ ውኃው ወገባቸው ድረስ ብቻ ነበር። ፊሽካቸውን ለመንፋት ቢሞክሩ እንደታነቀ ጫጩት ሲር ብሎ ቀረ። ዙሪያቸውን አዩ፤ ሁሉም እያያቸው ነው። ቱታቸውን ሳብ አድርገው፣ «ውኃው ጥሩ ነው» አሉ። «ሁላችሁም መግባት አለባችሁ።»

ፋርማሲስቷ መጀመሪያ አፏን ያዘች። ከዚያ አልቻለችም። ቀያሹም ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቁ፤ ጀልባዋ እስክትናወጥ ሳቁ፤ እንዳትወድቅ የእሱን ጃኬት ጨመደደች፤ ሳቁ ሲያልፍም እጇን አላነሣችም። በቀረችው መቅዘፊያ ተራ በተራ እየቀዘፉ፣ አዝማቹን እያሙ፣ ወደ ዳር ወጡ። በሐሜት የታረቀ ትዳር አይቆምም የሚል ሰው ካለ፣ ሌላ ነገር ላይ የቆመ ትዳር ያሳየን።

ክቡርነታቸው ከዚህ ሁሉ አንዲቷንም አላወቁም። ምሳ ላይ በፎጣ ተጠቅልለው፣ «እናንተ ልጆች ልምምድ ይጎድላችኋል» ብለው ገሠጿቸው።

አመፁ የተነሣው ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ ነው። የጀመረችው ሚስታቸው ናት። «እኔ ከእንግዲህ ቤቴ ነው የማርፈው። ሰው ለእረፍት ወጥቶ ታሞ ይመለሳል?»

«እኔም ልጄ፣ ይቅርብኝ» አሉ እናትየው። «ጉልበቴ አልቻለም።»

ጋሽ አዝማች መሪያቸውን እንደያዙ ፍጥነት ቀነሱ። «እሺ» አሉ ከዚያ። «ልክ ናችሁ።»

ፋርማሲስቷ ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። አንድ ጊዜ የቤቷ ቧንቧ ሲደርቅ መሥሪያ ቤታቸው ሄዳ ነበር። አቤቱታ በሚሰማበት መስኮት ኋላ ተቀምጠዋል፤ ከመስኮቱ ወዲህ ሰልፉ ሁሉ ይጮህባቸዋል። አንዱ ደንቆሮ አላቸው፤ አንዷ ጠረጴዛውን መታች። እሳቸው «እሺ፣ ልክ ነዎት» ይላሉ፤ አሁንም «እሺ፣ ልክ ነዎት»። ቀና ሲሉ አዩዋት፤ ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ። ሳትጠራቸው ተመልሳ ወጣች። ለማንም አላወራችም።

አሁን ከኋላ ሆና ማጅራታቸውን አየችው። ፀጉራቸው ገና አልደረቀም።

«ጋሼ» አለች፣ «የሚቀጥለው መቼ ነው?»

ቀያሹ በክርኑ ጎሰማት። እሷ ግን ቀጠለች። «እኛ ሩቅ አገር ልንገባ ነው። የመንገድ ሥራ ደርሶታል፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ተራራ አለው ይላል። መጥታችሁ እዩን።»

እህቷ ዞራ፣ «የት? መቼ? ለምን አልነገርሽኝም?» ስትል፣ እናትየውም «የት ነው ደግሞ?» ሲሉ፣ መኪናው በጥያቄ ተሞላ። ጋሽ አዝማች የሌላውን ሁሉ ትተው በመስታወቱ ቀያሹን ብቻ አዩት።

«ዳገቱ እንዴት ነው?» አሉ።

ቀያሹ ሚስቱን አያት። ሚስቱ አየችው።

«በጣም ቀጥ ያለ ነው ጋሼ» አለ፣ ልቡ እያዘነ።

እናትየው «እግዚኦ» ብለው ሻርፓቸውን ሳቡ። ጋሽ አዝማች ግን ትከሻቸው ቀና አለ፤ ፍሬቻ አብርተው መኪናውን ዳር አስያዙና፣ ሁሉም ወርዶ እግሩን እንዲያፍታታ አዘዙ። መጀመሪያ በሩን ከፍታ የወረደችው ፋርማሲስቷ ናት።