እየተከደነ ጓዳ የሚገባው ምሳ

እናታቸውን ከመጠን በላይ የሚያከብሩ ሰዎች አጋጥመዋችሁ ያውቃሉ? እኔ አንዱን አውቃለሁ። የካ ሚካኤል አጠገብ ጨርቅ የሚሸጠው ጎረቤቴ ሙክታር እናቱን እማማ ዘይነባን ከማክበሩ የተነሳ፣ እንግዳ እንዳይረብሻቸው ብሎ ጓዳ አስቀምጧቸዋል። ምግባቸውም ተከድኖ እዚያው ይገባላቸዋል። እንዲህ ያለ ክብር ከየት ይገኛል?

እማማ ዘይነባ ግን ወደ ቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ሄደው ልጃቸውን ከሰሱ። ሰፈሩ በሙሉ፣ የታመመው ሳይቀር ድኖ፣ ሊሰማ መጣ።

«መታዎት?» ሲሉ ጠየቁ ዳኛው፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር።

«ኧረ አልመታኝም።»

«አስራበዎት?»

«ሥጋ ሳይቀር ይልክልኛል።»

ሙክታር ፈገግ አለ። ሕጉ ልጅ ወላጁን ያብላ፣ ያልብስ፣ ያስጠልል፣ ያሳክም ነው የሚለው፤ እሱ አንዱንም አላጎደለም።

«ታዲያ ምን በደለዎት፣ እማማ?»

«ብቻዬን ነው የምበላው።»

ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው ሕጉን እንደገና አነበቡ።

«እንደ አካባቢው ልማድም ይላል። ጓድ ሙክታር፣ በእኛ ሰፈር ትልቅ ሰው ሳይቆርስ ማን ይበላል?»

«ማንም አይበላም።»

«አንተ ቤትስ ማን ይቆርሳል?»

ሸንጎውም እናትየው ከቤተሰቡ ጋር ሳሎን እንዲበሉ ወሰነ።

ባለፈው እሑድ ሙክታር ምሳ ጠራኝ። እማማ ዘይነባ መሃል ተቀምጠዋል። እንጀራውን ሊቆርሱ ሲሉ ልጃቸውን አዩት።

«እጅህን ታጥበሃል?»

ያ የተከበረ ነጋዴ በእንግዳ ፊት ተነስቶ ሊታጠብ ወጣ። እኔ እጄን ስዘረጋ እማማ ከለከሉኝ።

«ቆይ ልጄ፣ እሱም ይምጣ» አሉኝ። «ብቻውን እንዳይበላ።»