እሳት ሳትለኩስ «ደርሷል» የምትል ሴት

ገና እሳት ሳትለኩስ «ምሳ ደርሷል» የምትል ሴት አይታችኋል? እኛ እንጅባራ አለችልን። ትርንጎ ትባላለች፤ ቤቷን ከቤቴ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። የአንዷን ልጅ ፀጉር እየሠራች፣ የሌላውን ፊት እያበሰች፣ በሩን በእግሯ ዘግታ ሽሮ ታማስላለች። እጅ ሲታደል ሁለት ጊዜ ሳትሰለፍ አልቀረችም።

አንድ ረቡዕ የንስሐ አባቷ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ሊበሉ ቀጠሯት። የእኛ አገር ብርድ ዘይቱንም ቅቤውንም እኩል ያረጋዋል፤ እሷም በጥድፊያ ከማይሆነው ጣሳ ጨለፈች። ሽሮው ሲሞቅ የንጥር ቅቤው ሽታ ግድግዳውን አልፎ እኔ አልጋ ድረስ መጣ። ያውም በጾም ቀን! አሁን ለቄሱ ምን ይቅረብ?

«ቤቶች!» አሉ ቄሱ ከደጅ።

«ይግቡ አባታችን፣ ደርሷል!»

«እማዬ፣ የቱ ነው የደረሰው?» አለች ትልቋ ልጇ።

«ዝም በይና ይሄን ሽሮ ለአራሷ አድርሺላት! አራስ አትጾምም።»

ለራት ቀቅላ ያስቀመጠችውን ድንች ልጣ፣ በሽንኩርትና በሚጥሚጣ ለውሳ እስክታቀርብ አንድ አቡነ ዘበሰማያት አያስደግምም። ቄሱም በልተው ቤቱን መረቁ።

አራሷ እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ለሥራ ዳንግላ ሄዶ ምሳ የሚሠራልኝ አጥቼ፣ ጎረቤት ማስቸገሩንም አፍሬ፣ ሕፃኑን ታቅፌ ጦሜን ተኝቼ ነበር። ሽሮው እንደተንተከተከ መጣልኝ።

ትርንጎ ስለዚያች ማንኪያ ቅቤ እስከ ዛሬ «ይቅር በለኝ» ትላለች። እኔ ስለዚያችው ማንኪያ «ተመስገን» እላለሁ።