የሴሉ ፊት በየት በኩል እንደሆነ በድምፅ ብልጫ ስለመወሰን

ቀን፦ መጋቢት 9 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 9፡00
ቦታ፦ ቦሌ፣ የምርምር ማዕከሉ ማይክሮስኮፕ ክፍል (አዳራሹ ለባንክ በመከራየቱ)
የተገኙ፦ ዶ/ር ተክለብርሃን (ሰብሳቢ)፣ አቶ አያሌው (አስተዳደር)፣ አቶ ጉዲሳ (የዕቃ ግምጃ ቤት፣ የሠራተኛ ተወካይ)፣ ወ/ሪት ሰምሃር (ተመራማሪ፣ ባለጉዳይ)፣ ሄሊና (ጸሐፊ)
ያልተገኙ፦ አቶ ዓንዶም፣ ኦሎምፒያ ላይ መንገድ ተዘግቶባቸው። ምልዓተ ጉባኤው ግን ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ የሴሉ ፊት

ወ/ሪት ሰምሃር አንድ የካንሰር ሴል አጠገቡ ያለውን ሥጋ ሊወር ሲዘጋጅ በስክሪን አሳየች። አክቲን የተባለው የሴሉ ክር በመጀመሪያ ዙሪያውን ተበትኖ እንደነበር፣ አሁን ግን ወደ ግራ መሰብሰቡን አስረዳች። ፎቶው ላይ የሴሉን ፊት የሚያመለክት ቀስት ተደርጎ እስከ 11፡00 ናይሮቢ ላለው ጉባኤ ካልተላከ የሁለት ዓመት ልፋቷ መና እንደሚቀር ገለጸች።

ሰብሳቢው፣ ሴሉን የሚያዘው አስኳል በቀኝ ስለሆነ ፊቱ ቀኝ ነው፣ አለቃ ከኋላ ሄዶ አያውቅም አሉ። አቶ አያሌው ሐሳቡን ደግፈው ዋናው መንገድም በቀኝ በኩል መሆኑን፣ ፊቱን ወደ ጓሮ ላዞረ ፈቃድ እንደማይሰጥ አስታወሱ።

አቶ ጉዲሳ ማዕከሉ የቆመበትን መሬት ሲያርሱ የኖሩ ናቸው። «እኔ ማሳ ላይ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ ካስማ ነው የተከለው፤ ሰውየው ኋላ ነው የገባው። ካስማው የበዛበትን እዩ» አሉ። ሰብሳቢው ንግግሩ ከሳይንስ ጋር ስለማይገናኝ እንዳይመዘገብ አዘዙ። ትእዛዙ የደረሰኝ ከጻፍኩት በኋላ ነው።

ከረጅም ውይይት በኋላ የሴሉ ፊት ቀኝ እንዲሆን በሁለት ድምፅ ለአንድ ተወሰነ። ባለጉዳይዋ ድምፅ የላትም።

አጀንዳ 2፦ ውሳኔውን ስለማስፈጸም

በአቶ አያሌው አሳሳቢነት፣ የውሳኔው ደብዳቤ ማኅተም አርፎበት እስኪወጣ ድረስ ሴሉ ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ። የማኅተሙ መሳቢያ ቁልፍ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ሄደ። በመሐሉ ሴሉ በግራ በኩል ረጅም እግር አውጥቶ፣ አስኳሉን ከኋላ እየጎተተ ተጓዘ። አቶ አያሌው ሕገወጥ እንቅስቃሴ ነው አሉ። አቶ ጉዲሳ ወንበራቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠጉ።

ከቀኑ 11፡10 ላይ ሰብሳቢው፣ ማዕከሉ ከሚዋረድ ፎቶው ሳይላክ ይቅር አሉ። ወ/ሪት ሰምሃር «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቁልፉ ሲፈለግ ልኬዋለሁ። ቀስቱ ወደ ግራ ነው። አቶ ጉዲሳንም ስማቸውን ጠርቼ አመስግኛለሁ» አለች።

ጉባኤው በጥሞና ከተወያየ በኋላ፣ ከላይ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ስብሰባውም እንዳልተካሄደ እንዲቆጠር፣ ይህ ቃለ ጉባኤም እንዳይጻፍ በሙሉ ድምፅ ወስኖ ከቀኑ 11፡25 ተበተነ።

ሄሊና፣ ጸሐፊ