ሰባት ጊዜ ስምንት ድልድዩ ጋ ነው

ስፖርት የሚያስተምር ሰው ሁሉ በሽታው አንድ ነው፤ ዓለም የተበላሸችው ሰው መቀመጥ ስለጀመረ ይመስለዋል። ራሴን አመመኝ ብትለው ሩጥ ነው፤ ሚስቴ አኮረፈችኝ ብትለውም ሩጥ ነው። በጃንሆይ ዘመን ጎባ ያስተምሩ የነበሩት ጋሽ ኢታና ደግሞ የዚህ ሕመም ሊቀ ሊቃውንት ነበሩ።

ይህን ከሒሳብ አስተማሪዋ ከወይዘሪት ማናልበሽ በላይ የሚያውቅ የለም። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቿን በላብ አጥምቀው የሚያስረክቧት እሳቸው ናቸው። መስኮት ካልተከፈተ መተንፈስ የለም፤ ከተከፈተ ደግሞ በዚያ የጎባ ብርድ ጠመኔ የያዘው እጇ ይደነዝዛል። ስትቆጣ፣ "ደሙ እግር ላይ ተኝቶ ጭንቅላት ምን ይብላ፣ እቱ?" ይሏታል። እቱ መባሉንም አትወደውም።

አንድ ዓመት ጭራሽ ሥራዋን ቀሟት። የማባዣ ሰንጠረዡን በሩጫ አስጠናለሁ ብለው፣ ከትምህርት ቤቱ በር ጀምረው በሮቤ መንገድ ላይ ዘሩት። ስድስት ጊዜ ሰባት ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ድልድዩ ጋ፣ ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝ የዘይነዲን ሱቅ ደጃፍ ሆነ። ልጆቹ በየቦታው ሲደርሱ መልሱን እየጮኹ ያልፋሉ። ምስኪኑ ዘይነዲን ማለዳ ማለዳ አርባ ጊዜ "ሰማንያ አንድ" እየሰማ ስኳር መመዘን አቃተው።

ከሯጮቹ ሁሉ ፈጣኑ ዲኖ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ለሒሳብ ፈተና ሲቀመጥ ግን አንዲት መልስ አልጻፈም። አባቱ ኦቦ ቦሩ ከሲናና በፈረስ መጡ።

"ገብሱ ደርሷል፤ ልጁም የሚማር አይመስልም። ልውሰደው" አሉ።

ማናልበሽ ልጁን ትወደዋለች፤ ከዚህ ከወጣ እንደማይመለስም ታውቃለች። ዳይሬክተሩን አቶ ጉሉማን ለምና ለምና አንድ የቃል ፈተና አስፈቀደች። ካለፈ ይቆያል፣ ከወደቀ አባቱን ተከትሎ ይሄዳል።

"ሰባት ጊዜ ስምንት?" አሉ ዳይሬክተሩ።

"እሱ ድልድዩ ጋ ነው" አለ ዲኖ።

"ምኑ?"

"መልሱ።"

"ያ ረቢ" አሉ ኦቦ ቦሩ።

ማናልበሽ ማስመሪያዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ዞረች። ጋሽ ኢታና ከውጭ ቆመው ያዩ ነበር፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ምን እንዳደረጉ ገና አሁን ነው የገባቸው። ልትሰድባቸው ያዘጋጀችው ሁሉ ጠፋባት።

"እንግዲያው ድልድዩ ጋ እንሂድ" አለች።

ፈተናው ከክፍል ወጣ። ዲኖ ከፊት ይሮጣል። ኦቦ ቦሩ በፈረስ ይከተላሉ፤ ክቡር ዳይሬክተሩ ከኋላቸው ተፈናጥጠው በአንድ እጅ የጥያቄውን ወረቀት፣ በአንድ እጅ የኦቦ ቦሩን ጋቢ ጨብጠዋል። ማናልበሽ ጫማዋን አውልቃ ጭቃውን እየረገጠች ትሮጣለች። ጋሽ ኢታና ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብለው ከኋላ ይሮጣሉ። ወፍጮ ቤቱ ጋ አርባ ሁለት፤ ድልድዩ ጋ ሃምሳ ስድስት። ሱቁ ጋ ሲደርሱ ዘይነዲን ከውስጥ ቀድሞ "ሰማንያ አንድ!" አለ።

"እርስዎን የጠየቀ የለም" አሉት ዳይሬክተሩ። ከዚያ ወረቀቱን አዩ። "የመጨረሻው ነው። አሥራ ሁለት ጊዜ አሥራ ሁለት?"

ጋሽ ኢታና ከሱቁ ወዲያ አንዲት ቁጥር አልዘሩም። ዲኖ ባዶውን መንገድ አየ፤ ቆመ። ኦቦ ቦሩ የፈረሱን ልጓም ሰበሰቡ።

ልጁ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። "አሥር ጊዜ አሥራ ሁለት መቶ ሃያ ነው... ሁለት ጊዜ አሥራ ሁለት ደግሞ ሃያ አራት..." ጣቱን አጠፈ። "መቶ አርባ አራት።"

ይህን ማንም በሩጫ አላስተማረውም። ማናልበሽ ዓመቱን ሙሉ ሰሌዳ ላይ ያሳየችው መንገድ ነው፤ እሱ የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ እየመሰላት። እንባዋ መጣ።

ኦቦ ቦሩ ወርደው የልጃቸውን ግንባር ሳሙ። "ይቆይ" አሉ።

ዳይሬክተሩ ልብሳቸውን አራገፉ። "ለመሆኑ፣ ወይዘሪት ማናልበሽ፣ ልጁን ያወጣው ትምህርቱ ነው ሩጫው?"

አፏን ልትከፍት ስትል ጋሽ ኢታናን አየች። ጉልበታቸውን ይዘው እያለከለኩ፣ ውጤቱን እንደሚጠብቅ ተማሪ ዓይን ዓይኗን ያዩዋታል። ዓመት ሙሉ ያቃጠሏትን ሰው እንደምትወዳቸው ያወቀችው እዚያው ጭቃው ላይ ነው።

"ሩጫው ነው" አለች።