አሥራ አራት ዓመት የቀደመ ወገብ

የሰው ልጅ በየዓመቱ አንድ ዓመት እንደሚጨምር ሳይንስ ቢደነግግም፣ ድንጋጌው ወለተ ጊዮርጊስን አይመለከታትም። ከአገር ስትወጣ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር። ደላላው ከእግር እስከ ራሷ አየት አደረጋትና «ሃያ አራት» ብሎ ጻፈ። በዚህ ታሪካዊ እርምጃ መሠረት፣ ዶሃ ከገባች አሥራ ሦስት ዓመት ቢሞላትም በመኖሪያ ፈቃዷ፣ በኢቃማዋ ላይ ገና የሠላሳ ሰባት ዓመት ሴት ናት። ፊቷ በቅባት፣ ጸጉሯ በሻሽ ታግዘው ለሰነዱ በታማኝነት ሲገዙ ኖረዋል። ያመፀው ወገቧ ብቻ ነው።

ሥራዋ አል ሂላል በሚባል ሰፈር በሚገኝ ቤት የአባወራውን፣ የባባን እናት መጦር ነው። ቤተሰቡ «ማማ ከቢራ»፣ ትልቋ እማማ፣ የሚላቸው እኒህ ሴት ጨዋ፣ አመስጋኝና ዘጠና ስምንት ኪሎ ናቸው። በቀን ስምንት ጊዜ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ታነሣቸዋለች። አንድ ጠዋት ብድግ ስታደርጋቸው ወገቧን ቀስፎ ያዛት፤ ባባ ከመስጊድ እስኪመለስ ሁለቱ ተቃቅፈው ቆዩ።

የባባ ሚስት ማዳም ሲሀም ሩኅሩኅ ሴት ናት። «ሐኪም ከባድ አታንሳ ብሎ ከጻፈ የማንሻ ማሽን እንገዛለን» አለች። «ካልጻፈ ግን ያላ፣ ሹግል፤ ወደ ሥራሽ።»

ወለተ ጊዮርጊስ ያቺን ወረቀት ክፉኛ ፈለገቻት። ልጇ ሂሩት ዩኒቨርሲቲ ልትጨርስ ሁለት ዓመት ይቀራታል፤ ወገቡ ሁለት ዓመት እንደማይጠብቃት ደግሞ ታውቀዋለች።

አል ሰድ ሰፈር ባለ ክሊኒክ ሉቃስ የሚባል የአገሯ ልጅ፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ የወገቧን ምስል ኮምፒዩተር ላይ ዘረጋላት።

«ይኸውልሽ እህቴ፣ ዕድሜ ሲገፋ የታችኛው ወገብ ጡንቻ ይሳሳል፤ በቦታው ስብ ይገባበታል። አከርካሪን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። ያንቺ በጣም ሳስቷል።»

«እንግዲያው ጻፍልኛ።»

«ምን ብዬ? ሠላሳ ሰባት ዓመትሽ ነው። ‹በዕድሜ ምክንያት› ስለው ሲስተሙ አይቀበለኝም።»

«ወገቤስ?»

«ወገብሽ ልክ ነው። ከፋይልሽ ጋር አልተስማማም እንጂ።»

ወለተ ጊዮርጊስ በሩን ዞር ብላ አየች። ለንስሐ አባቷ እንኳ በግማሽ የነገረችውን ምስጢር ልታወጣ ነውና ፈርታለች።

«ሃምሳ አንድ» አለች በሹክሹክታ።

ሉቃስ ከወንበሩ ተነሣ። «ይቅርታ እትዬ፣ አላወቅኩም። ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።»

አዲሱን ዕድሜ አስገባ። ሲስተሙም በደስታ ተቀበለውና ውሳኔውን አተመ፦ ለዕድሜዋ የሚጠበቅ፤ በሽታ የለም፤ ለማንኛውም ሥራ ብቁ።

«እንዲያውም እትዬ፣ በሃምሳ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ወገብ ጥሩ ከሚባሉት ነው።»

በዚህም በሠላሳ ሰባት ዓመቷ ጊዜው ስላልደረሰ፣ በሃምሳ አንድ ዓመቷ ደግሞ ጊዜው ስለደረሰ፣ ሊያማት እንደማይችል በማያሻማ ሁኔታ ተረጋገጠ። ከጉብኝቱ ያተረፈችው «እርስዎ» መባልን ነው። ጡንቻ ለማጠንከር በቀን ሦስት ጊዜ በጀርባዋ ተንጋላ ዳሌዋን ከፍ ዝቅ እንድታደርግ፣ በመካከሉም በቂ ዕረፍት እንድትወስድ የሚመክር ባለ ሥዕል ወረቀትም ተሰጣት።

ማዳም ውጤቱን ስታነብ ዓይኗ ከዕድሜው አላለፈም።

«ሃምሳ አንድ? እኔ አርባ ዘጠኝ ነኝ።» ከልቧ አፈረች። «ታላቄ ሆነሽ አማቴን ተሸክመሽልኛል። ሐራም ነው። ኸላስ፣ ከእንግዲህ አታነሺም።»

ወለተ ጊዮርጊስ እንባዋ መጣ። «ማሽኑ ሊገዛ ነው ማዳም?»

«የምን ማሽን? ወጣት ልጅ እንዲልክልኝ ለኤጀንሲው እነግረዋለሁ። አንቺ አገርሽ ገብተሽ ታርፊያለሽ።»

እንዲህ ሆና በክብር ተሰናበተች። ማታ ለሂሩት ስትደውል ሥራ አጣሁ ማለት አቃታትና «ዕረፍት ሰጡኝ» አለቻት። ስልኩን ዘግታም አለቀሰች።

ሐሙስ ዕለት ተተኪዋ መጣች። ኤጀንሲው በላከው ሰነድ መሠረት ስሟ ረድኤት፣ ዕድሜዋ ሃያ ሁለት፣ ጤናዋ እጅግ የተሟላ ነው። ማዳም በረንዳ ላይ ሆና በኩራት ትጠብቃለች፤ ወለተ ጊዮርጊስ ሻንጣ ልትቀበል ወደ መኪናው ሄደች። በሩ ተከፈተ። አንድ እግር ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው። ከዚያ ረድኤት የመኪናውን በር ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ቀስ በቀስ ቀና ቀና ማለት ጀመረች፤ መሐል ላይ ስትደርስ ቆመች። ሻሿ ሸርተት ብሎ ነጭ ሽበቷ ወጥቷል።

«ልጄ» አለቻት ለወለተ ጊዮርጊስ፣ «እስቲ እጅሽን ስጪኝ፤ ወገቤን ይዞኛል።»